የቀለብ ማስረጃ ምንድን ነው?

በቀደም ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንድ ጎልማሳ ጓደኛውን ይመክራል። «ምን አስጨነቀህ? የልጅህን ቀለብ በቴሌብር ላክላት። ቴሌብሩ ራሱ ይመሰክርልሃል።» ጓደኛው እፎይ አለ። እኔ ቡናዬ መረረኝ። ይችን ምክር በዚህ ወር ብቻ ስሰማ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን የነገሩኝ ምክሩን ሰምተው የተከሰሱ ደንበኞቼ ናቸው።

ቴሌብር የሚመሰክረው ገንዘብ ከአንድ ስልክ ወጥቶ ሌላ ስልክ መግባቱን ነው። ቀኑን፣ መጠኑን፣ የግብይት ቁጥሩን ያውቃል። ለየትኛው ልጅ፣ ለየትኛው ወር፣ ስለምን እንደተላከ ግን ካልነገሩት አያውቅም። የቀለብ ማስረጃ የሚባለው እነዚህን ሦስቱን የሚመልስ ነው። ስክሪንሾት የዚያ ግማሹ ነው፤ አንዳንዴም ከግማሽ ያነሰ።

ከብዙ መዝገብ ያየሁትን አንድ ላይ ሰፍቼ ላሳያችሁ። ሳይጋቡ ልጅ ወለዱ፣ ተለያዩ። አባት አንዴ ሦስት ሺህ፣ አንዴ አምስት ሺህ ይልካል። አንዱን ወር በእሷ፣ አንዱን በወንድሟ ሂሳብ። ለጥምቀት ልብስ ገዝቷል። ለአያትየው ግማሽ ኩንታል ጤፍ አድርሷል። በሁለተኛው ዓመት ተጣሉና ክስ መጣ። አባት ስልኩን ለዳኛው ሊያሳይ ተነሣ። እናትስ? «ሦስት ሺዋ ሞተር ሲገዛ ካበደርኩት የመለሰልኝ ናት። በወንድሜ ሂሳብ የገባውን እኔ አላውቅም።» ዋሸች አልልም። እሱም ዋሸ አልልም። ችግሩ ስክሪንሾቱ ከሁለቱም ታሪክ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ብድር ነው ያለችው እሷ ታስረዳ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2001 ግዴታ አለ የሚል ወገን መኖሩን ያስረዳ፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳ ይላል። «ከፍያለሁ» ያልከው አንተ ነህ። ሸክሙም ያንተ ነው። (ሳልጠየቅ ልጨምር፦ «ከ500 ብር በላይ የሆነ ክፍያ ያለ ጽሑፍ አይረጋገጥም» የሚለው ወሬ ከቀለብ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቁጥር 2472 የሚናገረው ስለ ገንዘብ ብድር ነው። ጠበቃ ነኝ ባዮችም ሲያምታቱት ሰምቻለሁ።)

ሌላው የሚያናድደኝ ክርክር ይሄ ነው፦ «ልጄ ጠግቦ ያድራል፣ ይማራል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?»

ሐይቁን ተመልከት። ጣናን የሚሞሉት በዋናነት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። መስከረም ላይ ሞልቶ አየኸው እንበል። ጉማራ ምን ያህል አመጣ? ከዳር ቆመህ ሐይቁን በማየት አትመልሰውም። ጉማራ ላይ ሄደህ፣ ያውም በየጊዜው መለካት አለብህ። ልጅህም እንዲሁ ነው። እናቱ አለች፣ አያቱ አለች፣ ከአረብ አገር የምትልክ አክስት አለች። ጠግቦ ማደሩ ያንተን ድርሻ አይናገርም። መለካት ያለብህ ያንተን ወንዝ ነው። ያለፈው ዓመት ጎርፍ ደግሞ ዘንድሮ አይለካም። ከዚያ በጨራ ጨራ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ግድብ፣ የሚወጣው ውሃ አለ፤ እሱ የእናት የወጪ ደብተር ነው። ትነትም አለ። ጣና በትነት የሚያጣው ውሃ ቀላል አይደለም። የባጃጅ፣ የእርሳስ፣ የሳሙና፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሁሉ ትነት ነው። ዳኛ ትነቱን ይገምታል። ወንዝህን ግን አይገምትልህም። (የውሃ መሐንዲስ ጓደኛዬ ምሳሌዬን አጥብቄ እንደጎተትኩት ነግሮኛል። እውነቱን ነው።)

ታዲያ እንዴት ይለካል? አሰልቺ ነው፣ ግን ቀላል። ስትልክ «ምክንያት» የምትል ቦታ አለች። ብዙ ሰው እዚያች ላይ ነጥብ አስገብቶ ያልፋል። እሷ ላይ የልጁን ስም፣ «ቀለብ» የሚለውን ቃልና ወሩን ጻፍ። ሁልጊዜ ከአንድ ሂሳብ ወደ አንድ ሂሳብ ይሁን፤ በወንድም፣ በጎረቤት አይሁን። ስልክ ባጃጅ ውስጥ ይረሳል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ማኅተም ያለበት የባንክ ስቴትመንት አውጣ። በእጅ የምትሰጥ ከሆነ ትንሽ ደብተር ያዝና በየወሩ ታስፈርማለህ። በዓመቱ መጨረሻ «እስካሁን ያለውን ሁሉ ተቀብያለሁ» ተብሎ በአንድ ቀለም የተፈረመ ወረቀት አይቼ አውቃለሁ። ዳኛውም አይቶ ያውቃል።

ጤፉስ? ቀለብ በሕግ ምግብ ብቻ አይደለም። መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ትምህርት ሁሉ ይገባበታል። ነገር ግን ፍርድ ቤት በወር ይህን ያህል ብር ብሎ ከቆረጠ፣ ጤፍ ስላደረስክ ከብሩ ላይ በራሱ አይቀነስልህም። እንዲቀነስ ከተስማማችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። «ደመወዜ ስለቀነሰ እኔም ቀነስኩ» የሚባል ነገርም የለም። የቀለብ መጠን የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው፤ አቅም ሲለወጥ ይሻሻልልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጠያቂው አንተ፣ ቀናሹ ፍርድ ቤቱ ነው።

እናቶችም አትሳቁ። «ፍርዱ በእጄ ነው፣ ሲጠራቀም እጠይቃለሁ» የምትሉ አላችሁ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ያልተቀበላችሁት ወይም ያልጠየቃችሁት ቀለብ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑን ካላስረዳችሁ ይቀራል። እዚህ ባሕር ዳር የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አንቀጹን ከጠበቃችሁ ጋር አንብቡት። እስከዚያው ግን ያልተከፈለውን ወር በዚያው ወር መዝግቡ፣ በጽሑፍም ጠይቁ። የስልክ መልእክትም ጽሑፍ ነው።

ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ ያነሰ መብት አለው የሚል ካለ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ጨርሶታል። አባትነቱ ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ግን ያ ሌላ መዝገብ ነው። እዚህ አልገባበትም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። «ፈርሚ ስላት ትቆጣለች፤ አላመንከኝም ወይ ትላለች።» እንግዲያው በእጅ መስጠቱን ተው። በባንክ ላክ፤ ባንክ አይቆጣም። ሂሳቧን ዘግታ አልቀበልም ካለችም ገንዘቡን ኪስህ ውስጥ አታስቀምጠው። ለፍርድ ቤቱ አመልክተህ እዚያ አስይዝ፣ የሚሰጥህን ደረሰኝ ያዝ። በላዩ ላይ የልጁ ስምና ወሩ መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመህ አንብብ።