ቀይ እስክሪብቶው የማያየው፦ የተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስናርም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የፋይናል ወረቀት በሚታረምበት ሰሞን የላውንጃችን ወሬ አንድ ነው። «ኧረ እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ አይችሉም!» ሻይ ፉት ይባላል፣ ከአንዱ ወረቀት አንድ አረፍተ ነገር ይነበባል፣ ይሳቃል። እኔም ስቄያለሁ። ደሴ ላይ የፍሬሽማን ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ ግን የምስቅበት ነገር ተቀየረ። አሁን የሚያስቀኝ የራሳችን የአስተራረም ልማድ ነው።

«ግራመሩ ካልተበላሸ ጽሑፉ ጥሩ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሁለት ወረቀት ላሳያችሁ። ርዕሱ «የማውቀው ሥራ» የሚል ነበር። አንዷ ስለ ግብርና ጻፈች። ግብርና ጠቃሚ ነው፣ ግብርና የኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው፣ ስለዚህ ግብርና ይስፋፋ። አንድም የግራመር ግድፈት የለውም። ስለ ግብርና የሚነግረን ነገርም የለውም። ሁለተኛው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጎህ ሳይቀድ መረባቸውን ሲስቡ፣ ትንንሹን ቆሮሶ መልሰው ውሃ ውስጥ ሲለቁት፣ ጎረቤት ደግሞ በዚህ ሲስቅባቸው ጽፏል። «ሂ ዳዝንት» ማለት ሲገባው ሁሉም ቦታ «ሂ ዶንት» ይላል። ሃያ ሁለት ስህተት ቆጠርኩበት። ሰውዬውን ግን በዓይኔ አየኋቸው።

ለእሷ ከ20 18፣ ለእሱ 9 ሰጠሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዘርፉ በጣም የሚታወቀው የሆሊ ጃኮብስና የባልደረቦቿ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ነው። ከ100 ነጥብ ለይዘት 30፣ ለሰዋስው 25፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት 20 ይሰጣል። ስፔሊንግ፣ ሥርዓተ ነጥብና የመሳሰሉት ተደምረው 5 ብቻ ናቸው። እኛ ጋ አምስት ማርክ በስፔሊንግ ብቻ ሲያልቅ አይቻለሁ።

«ልምድ ያለው አራሚ ማርኩ አይዛነፍም»

ይዛነፋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪው ፖል ዲዴሪክና ሁለት ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 300 የጀማሪ ኮሌጅ ተማሪዎችን ጽሑፍ ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። መምህራን፣ አዘጋጆች፣ ጠበቆች፣ ነጋዴዎች ነበሩበት። ምንም መመዘኛ አልተሰጣቸውም፤ ከ1 እስከ 9 ደረጃ ስጡ ብቻ ተባሉ። ከ300ው 101 ጽሑፎች ከ1 እስከ 9 ያለውን ደረጃ በሙሉ አገኙ። አንዱ «ምርጥ» ያለውን ሌላው «የመጨረሻ» አለው ማለት ነው። አንዱ ሐሳብ ይፈልጋል፣ ሌላው ግራመር፣ ሌላው ደግሞ የአጻጻፍ ለዛ።

በራሴም ሞክሬዋለሁ። አንድ ወረቀት ኮፒ አድርጌ፣ ስሙን ሸፍኜ፣ በሳምንቱ ደግሜ አረምኩት። መጀመሪያ 14፣ ቀጥሎ 11። የመጀመሪያው ቀን በረካ ድረስ ቡና ጠጥቼ ነበር። ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት ነው ያረምኩት። ተማሪው ምን አደረገ?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሴክሽን የሚጋሩ መምህራን መመዘኛው ላይ ይስማሙ። አምስት ስድስት ወረቀት አብረው ያርሙ፣ ማርካቸው የተራራቀበትን ይከራከሩበት። ከዚያ ይለያዩ። ስምም ቢሸፈን ጥሩ ነው፤ የጎበዝ ተማሪ ስም ስናይ እጃችን ይፈታል።

«ስህተቱን በሙሉ በቀይ ካላረምንለት አይማርም»

ይሄ ገና ያልለየለት ክርክር ነው። ተመራማሪው ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 የግራመር እርማት ጥቅም የለውም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ተመራማሪ ዴና ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሟገተችው። ከዚያ በኋላ ጆን ቢችነር ኒውዚላንድ ውስጥ የ«ኤ» እና የ«ዘ» አጠቃቀምን ብቻ እየለየ ሲያርም፣ ተማሪዎቹ ከሁለት ወር በኋላም መሻሻላቸውን እንደያዙ ነበር። ለእኛ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አማርኛ «ቤት»ን «ቤቱ» ለማለት መጨረሻው ላይ አንዲት ድምፅ ይጨምራል እንጂ ከፊት የሚቆም «ዘ» የለውም። በአንድ ጽሑፍ አንድ ሁለት ዓይነት ስህተት መርጦ መያዝ ይበቃል። ወረቀቱ በርበሬ የተነሰነሰበት ከመሰለ ልጁ ማርኩን አይቶ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

«አማርኛው ነው የሚያበላሻቸው»

በከፊል እውነት ነው። «ዝናብ ዘነበ» ስለምንል «ዘ ሬይን ሬይንድ» ይጽፋሉ። «ምንም እንኳ» ብለን «ግን» ስለምንጨምር «ኦልዞው» ብለው «በት» ይደግማሉ። ግን ክፍላችን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም ያለው። ከከሚሴ የመጣው ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። የሦስተኛ ሰው «ኤስ» ደግሞ ከየትም አገር የመጣ ጀማሪ የሚረሳት ነገር ናት። «ናው ኤ ደይስ» እያሉ መክፈትማ ከአማርኛ አልመጣም፤ ከእኛው ሃንድአውት ነው።

«በምርጫ ጥያቄም ይለካል»

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ምርጫ ነው። ልጁ አንድ ፓራግራፍ ሳይጽፍ መልስ መርጦ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የሌላ ሰው አረፍተ ነገር ውስጥ ስህተት መለየት አንድ ችሎታ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ሌላ ነው።

«ሲረዝም፣ ቃሉም ሲከብድ ማርክ ያመጣል»

አይኤልትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 250 ቃል ይጠይቃል። ካነሰ ይጎዳል፣ ከረዘመ ግን ለርዝመቱ የሚጨመር ነጥብ የለም። የሚታረምባቸው አራቱ መስፈርቶች እኩል ክብደት አላቸው፤ ግራመር ከአራቱ አንዱ ነው።

የሐይቁን ልጅ በኋላ ቢሮ ጠርቼ እንደገና ጻፈው አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ቀይ ያልነካው መስመር አልነበረም።

«ቲቸር፣ የቱን ነው የማስተካክለው?»

«ዶንቱን ብቻ» አልኩት። «አባትህን እንዳትነካ።»