ኡቲላ፦ የጠላቂ ዋናተኞች ደሴት

ኡቲላ በካሪቢያን ባሕር ላይ፣ ከሆንዱራሷ የወደብ ከተማ ላ ሴይባ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ደሴት ናት። ርዝመቷ 11፣ ወርዷ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሮአታንና ከጓናሃ ጋር ሆና ኢስላስ ዴ ላ ባሂያ የሚባለውን የአገሪቱን ክፍለ ግዛት ትመሠርታለች፤ ከሦስቱ ትንሿ እሷ ነች። ከፍተኛው ቦታዋ ፓምፕኪን ሂል 74 ሜትር ብቻ ነው። መሬቷ በአብዛኛው ረግረግና ማንግሮቭ (በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) በመሆኑ፣ ሀብቷ ያለው ከውኃው በታች ነው። ዙሪያዋን የከበበው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት ድንጋያማ ክምር፣ ከሜክሲኮ እስከ ሆንዱራስ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውና በትልቅነቱ ከአውስትራሊያው ቀጥሎ የሚጠቀሰው የሜሶአሜሪካ ሪፍ አካል ነው።

ሻንጣቸውን አዝለው መካከለኛው አሜሪካን በአውቶቡስ የሚያቋርጡ ወጣቶች ወደዚህች ደሴት የሚጎርፉት ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅን፣ ለመማር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በክፍያው ላይ የጋራ መኝታ ቤት አልጋ ይጨምራሉ። ደሴቲቱ ከዓለም ርካሿ ነች ይባላል፤ የታይላንዷ ኮ ታኦም በዚሁ ማዕረግ ትሻማለች። ያም ሆነ ይህ፣ ርካሽነቱ ከጥራት ጉድለት የመጣ አይደለም። ሪፉ ለባሕር ዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ጀልባ ብዙ ነዳጅ አያቃጥልም። ትምህርት ቤቶቹም በአንዲት ዋና መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ለአንድ ደንበኛ ስለሚሽቀዳደሙ ዋጋ መስቀል አይችሉም።

የጀማሪዎች ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ያጠናል፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይለማመዳል፣ ከዚያም አራት ጊዜ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል። 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳይሰምጡ መንሳፈፍም ይጠበቅበታል፤ ለፍጥነት ነጥብ አይሰጥም። ሲያጠናቅቅ ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር መጥለቅ ይፈቀድለታል፤ ቀጣዩ ደረጃ 30 ሜትር ያደርሳል። ብዙ ሰው ጀርባ ላይ የሚታዘለው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ ሲሊንደሩ የያዘው ግን ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ። የመጀመሪያው ደንብ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በውኃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ስለሆነ፣ አየር ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አየሩ እየሰፋ ሳንባው እየተለጠጠ ሊቀደድ ይችላል። የጆሮን ግፊት ማስተካከልም አለ፤ አፍንጫን ይዞ በአፍንጫ በኩል አየር በቀስታ መግፋት የጆሮ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። ሳምንት ሊያድር መጥቶ የዳይቭ ማስተር (ሌሎች ጠላቂዎችን የሚመራ ባለሙያ) ሥልጠና ጀምሮ ወራት የሚከርም እንግዳ በኡቲላ ብርቅ አይደለም።

በደቡብ በኩል ሪፉ በቀስታ ያሽቆለቁላል። በሰሜን ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ካሉት ስፍራዎች አንዱ ዳፒ ዋተርስ ሲባል፣ ዳፒ በካሪቢያን እንግሊዝኛ መንፈስ ወይም የሙት ጥላ ማለት ነው። ሃሊበርተን የተባለችው የጭነት መርከብ ደግሞ 30 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆን ተብሎ እንድትሰጥም የተደረገች ናት። ትልቁ ዝና ግን የዌል ሻርክ ነው። ይህ የዓለም ግዙፉ ዓሣ በኡቲላ ዓመቱን ሙሉ ብቅ ይላል፤ ደህና ወራቱ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ናቸው። ካፒቴኖች የሚፈልጉት ዓሣውን ሳይሆን የፈላ የሚመስል ውኃ ነው፦ ቱናዎች ትናንሽ ዓሦችን ከታች ሲያባርሩ፣ ወፎችም ከላይ ሲወርዱ፣ ዌል ሻርኩ ብዙ ጊዜ አይርቅም።

ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት በደሴቶቹ የፔች ሕዝብ ይኖር ነበር። ኮሎምበስ በ1502 በአራተኛ ጉዞው ጓናሃ ደርሷል። የባሕር ወንበዴዎች ወርቅ እዚሁ ቀብረዋል የሚለውን የደሴቲቱ ሽማግሌዎች አሁንም ይናገራሉ። የዛሬዋን ኡቲላ የቀረጿት ከኬይማን ደሴቶች በ1830ዎቹ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ በደሴቲቱ የሚነገረው እንግሊዝኛ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ብሪታንያ በ1852 ደሴቶቹን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። አሜሪካ አጥብቃ ስለተቃወመች ግን ብሪታንያ በኅዳር 1859 ከሆንዱራስ ጋር የዋይክ ክሩዝን ስምምነት ፈረመች፣ በ1861ም አስረከበች። ነዋሪዎቹ አልተደሰቱም፤ ራሳቸውን የብሪታንያ ንግሥት ተገዢ አድርገው ማየታቸው ከርክክቡ በኋላም ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ዛሬ ስፓኒሽ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ በወደቡ ግን የሚሰማው የደሴቲቱ የራሷ እንግሊዝኛ ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን በፍራፍሬ ንግድ፣ በዓሣና በመርከበኝነት አለፈ።

በዚያው አገር ሌላም መጥለቅ አለ። በምሥራቅ በላ ሞስኪቲያ አካባቢ የሚስኪቶ ሕዝብ ወንዶች ሎብስተር ለመያዝ፣ በቂ ሥልጠናና የደኅንነት መሣሪያ ሳይሰጣቸው፣ በቀን ደጋግመው እየጠለቁ ብዙዎች በዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም ከጥልቀት በፍጥነት ሲወጡ በሰውነት ውስጥ የጋዝ አረፋ በሚፈጥረው ሕመም፣ ሽባ ሆነዋል። የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2021 በ42 ጠላቂዎች ጉዳይ ሆንዱራስን ተጠያቂ አድርጓል። የቱሪስቱን ደንብ የሚያጠና ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ሕመሙ አንድ ነው፣ ቀስ ብሎ መውጣትም ለሁለቱም እኩል ይሠራል።

ሪፉም ታሟል። ከሌላ ውቅያኖስ የመጣው ላየንፊሽ የተባለ ዓሣ ትናንሽ ዓሦችን እየጨረሰ ስለሆነ በጦር ይታደናል፤ ሥጋውም ይበላል፣ ይጣፍጣልም። የኮራልን ሥጋ የሚያረግፈው በሽታ በ2014 ፍሎሪዳ ላይ ታይቶ በ2020 ሆንዱራስ ገብቷል። በየብስ ደግሞ በዓለም ላይ ከኡቲላ ሌላ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ማንግሮቭ ውስጥ የሚኖር ኢጓና (ትልቅ የእንሽላሊት ዓይነት) አለ፤ እሱም ለመጥፋት ተቃርቧል።

ከላ ሴይባ ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባሕሩ ሲናወጥ ቀለል ያለ ምግብ ይመረጣል። በባሕር ዳርቻው የአሸዋ ዝንብ ስላለ ለቆዳ ዘይት መያዝ ይጠቅማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ ይበዛል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን በየብስ ያልፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቦሎቄ፣ አይብና ክሬም የተጠቀለለበትን ባሌዓዳ የተባለ ቂጣ በመንገድ ዳር እየበሉ።