ከአባ ሳሙኤል እስከ በርጋ፦ ስለ ወንዝና ስለ ጨፌ ጥበቃ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአቃቂ በታች፣ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ብዙም በማይርቅ የወንዝ ዳር ችግኝ ጣቢያ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸው፣ አንዳንዶቹንም ራሴ አምኜ የተቀጣሁባቸው አባባሎች አሉ።

«የልምድ ልውውጥ ማለት ሄዶ ማየት ነው»

አንድ ዓመት በግንቦት ወር ከእኛ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ራስ የሚገኝ ፕሮጀክት ሊያስጎበኙን በአውቶቡስ ወሰዱን። ባነር ተሰቅሏል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ምሳውም ረዘም ብሏል። ወንዙ ዳር የቆየነው ግን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያየነው ሁሉ ለምለም ስለነበር ፎቶ ተነሥተን ተመለስን። ክረምቱ ሲገባ ያየነውን ለመድገም ችግኞቻችንን ከውኃው ጠርዝ ጀምረን ተከልን፤ የነሐሴ ጎርፍ አንድም ሳያስቀር ጠራረጋቸው።

ኋላ የዚያ ፕሮጀክት ጥበቃ ለሆኑት አዛውንት ብደውል ሳቁብኝ። «የእኛንም የመጀመሪያ ዓመት ተክል ጎርፍ ነው የበላው፤ እናንተ ያያችሁት ሁለተኛውን ነው። ጠርዙን ለሣርና ለሸምበቆ ትተን ዛፉን ወደ ላይ አራቅነው» አሉኝ። ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩንም? የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በሪፖርቱም ላይ የለም፤ የሞተ ችግኝ ለሪፖርት አይመችም።

ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ቶሎ መድረስ ያለበት ያልተሳካው ነገር ነው፦ የት ተተከለ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ውኃው እስከ የት ወጣ፣ ከመቶው ስንቱ ጸደቀ። ይህን በቃሉ የሚያውቁት ደግሞ ዘበኛው፣ ችግኝ የምታጠጣዋ ሴትና ከብት ጠባቂው ልጅ ናቸው፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ቦታ አይያዝላቸውም። አሁን እንግዳ ሲመጣብን አስቀድመን የምናሳየው ባዶ የቀረውን ጠርዝ ነው። አለቆቻችን አይወዱትም።

«የዚያ ወንዝ ጉዳይ እኛን አይመለከትም»

እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በደቡብ የወረደው ትልቁና ትንሹ አቃቂ ሆኖ ከተማውን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። በሰሜን በኩል ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተኛው ሙገርን ይዞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ አቃቂዎች ከሱሉልታ ይልቅ፣ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም አቅጣጫ ካለው የበርጋ ጨፌ (ረግረጋማ የሣር ሜዳ) ጋር የውኃ ዝምድና አለን፤ የበርጋም ወንዝ የአዋሽ ገባር ነውና።

ዝምድናው ሲረሳ ምን እንደሚሆን እንቦጭ አሳይቶናል። ብዙ ሰው አረሙን የጣና ብቻ አድርጎ ያየዋል። ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ታይቶ ነበር። አባ ሳሙኤልም ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሶ ኖሯል። ጣና ሲወረር በአዋሽ ተፋሰስ ከአረሙ ጋር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ትግል ነበር ማለት ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ፣ ተነቅሎ ውኃ ዳር የተከመረው ጎርፍ ሲመጣ ተመልሶ እንደሚገባ፣ ከከተማ ቆሻሻና ከእርሻ ማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እስካልቀነሰ ድረስ ነቀላው ማለቂያ እንደሌለው፣ ይህን ሁሉ ከአዲስ መጀመር አያስፈልግም ነበር።

«ፕላስቲኩ ከተለቀመ ወንዙ ጸዳ»

አልጸዳም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም በዓይን አይታይም፣ በመጥረጊያም አይጠረግም። በአቃቂ ውኃ ቆስጣና ጎመን የሚያለማው ገበሬ ላይኛው ፕሮጀክት ያስመረመረው የውኃ ናሙና ምን እንዳሳየ የማወቅ መብት ያለው ይመስለኛል። የምርመራው ውጤት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

«ጨፌ ባዶ መሬት ነው፤ ዛፍ ይተከልበት»

እዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። ጨፌ የምለው ክረምት ውኃ የሚተኛበትን፣ በበጋ ሣር የሚታጨድበትን ሜዳ ነው። በየበዓሉ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚበቅለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጎርፉን ይዞ በቀስታ የሚለቀውም እሱ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ባለውለታችን ነው፤ ጨፌ ላይ ሲተከል ግን ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል። አገር በቀል ዛፍም ቢሆን ክፍት ሜዳ የሚፈልገውን ፍጥረት ቤት ያሳጣዋል።

የበርጋን ወፍ ለዚህ መጥቀስ እወዳለሁ። ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ከዓለም ልትጠፋ የተቃረበች የረግረግ ወፍ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው በሐምሌና በነሐሴ፣ በጨፌው ሣር ውስጥ ነው። እንደ ደን ጠባቂ አስቦ እዚያ ችግኝ የሚተክል ሰው በቅን ልቦና ያጠፋታል።

«ዕውቀት የሚመጣው ከውጭ ነው»

ስለ ወፏ ካነሣሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ በዓለም ላይ መራባቷ የተረጋገጠው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትታይ እንግዳ ናት ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን እዚያ ረግረግ ውስጥ የተተከለ ካሜራ ጫጩቶቿን አሳየ። ከዚያ በፊት የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ስለ ወፏ ለመማር የሚመጡት በርጋ ነበር፤ በመራቢያዋ ወራት ከብት ከጨፌው እንዲርቅ ማድረግ ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ስምምነት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በደቡብ አፍሪካውያኑ ድጋፍ ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ልውውጥ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሰጠውም የተቀበለውም አለ።

ሩቅ ሳንሄድ ኢሉባቦርም አለ። እዚያ ገበሬው ረግረጉን አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራል፤ ከመኸር በኋላ ቦዩን ደፍኖ ውኃውን ይመልሰዋል፤ የረግረጉን ራስ ደግሞ ሳይነካ ለሣሩ ይተወዋል። ቦይ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያስተባብር፣ ማኅበረሰቡ የመረጠው «አባ ለጋ» የሚባል ሰው አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ስንት የወንዝ ዳር ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለው ብጠየቅ አንድም መጥቀስ አልችልም።

እኔ ያገኘሁት ተቀራራቢ ሰው እኒያን አዛውንት ነው። ሐምሌ ሲገባ አሁን የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ትናንት ማታ ውኃው ሾላው ሥር ደርሷል፤ ከታች ያለውን ችግኝ አንሣ» ይሉኛል።