ብሩዲንግ ምንድን ነው? ያለ እናት ዶሮ ጫጩት ለምታሳድጉ

ዶሮ ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር አይታችኋል። ጥቂት ይጭራሉ፣ ይለቅማሉ፣ ብርድ ሲላቸው ክንፏ ሥር ይገባሉ። ሲሞቃቸው ደግሞ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ብሩዲንግ የሚባለው ይህንን የእናቲቱን ሥራ ሰው ሲሠራው ነው። ከመፈልፈያ የመጣ የአንድ ቀን ጫጩት እናቱን አያውቃትም። ክንፍ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ጀማሪ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መኖ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሙቀት እላለሁ። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባዋል። ያ ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል፤ በካርቶን ታሽጎ ክፍለ ሀገር ድረስ የሚጓዘውም በዚያ ነው። ለብርድ ግን ስንቅ የለውም። ያ የሚያምረው ለስላሳ ጠጉሩ ላባ አይደለምና ብርድ አያስጥልም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የገዛ ሰውነቱን ሙቀት እንኳ በቅጡ መጠበቅ አይችልም።

ስንት ዲግሪ? በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ በሚቆሙበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ለሙቀት ከላያቸው የሰቀላችሁት አምፖል ሥር ተጠጋግተው ከተንጫጩ በርዷቸዋል። ዳር ዳር ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ አምፖሉን ከፍ አድርጉት። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ከወዲያኛው ጎን ነፋስ እየገባ ነው። ሲመቻቸው ተበታትነው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ግማሾቹ ይተኛሉ። ድምፃቸውም ዝቅ ይላል።

የመጀመሪያዎቹን 30 ጫጩቶቼን ያስቀመጥኳቸው አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ነበር። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስከፍተው ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ። ከሥር የነበሩት አራቱ ግን ታፍነው ሞተዋል። ከብርድ ለማምለጥ ሲሉ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው ነው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ጥግ ባይኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር። ስለዚህ ካርቶን ቀዳችሁ፣ ቁመቱን ግማሽ ሜትር ያህል አድርጋችሁ፣ በክብ አቁሙት።

መብራት እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ አስቡ። ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ መሃላቸው ማስቀመጥ ሌሊቱን ያሻግራል። ከሰል ግን እፈራለሁ። ጭሱ ባይታይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫጩቱንም እናንተንም ይገድላል። ጨርሶ መብራት በሌለበት አካባቢ ሄይ ቦክስ የሚባል ነገር አለ። የግብርና ባለሙያዎች ለገጠር ቤተሰብ የሚያስተዋውቁት የእንጨት ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ መሃል ላይ ይሆናሉ፤ ዙሪያውን ድርቆሽ ይጠቀጠቅበታል። አምፖል የለውም፣ እሳት የለውም። ድርቆሹ የራሳቸውን ትንፋሽና ገላ ሙቀት ይዞ ያቆይላቸዋል። ሲነጋ ወጥተው ይበላሉ፣ ሲበርዳቸው ይመለሳሉ። ከእናት ክንፍ ጋር ከሁሉም የሚቀራረበው ይሄ ይመስለኛል።

እንደደረሱ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ መኖ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከመንገድ ለመጡት ጥቂት ስኳር በጥብጡበት። የአንዳንዶቹን አፍ ቀስ ብላችሁ ንከሩ፤ ሌሎቹ አይተው ይማራሉ። ሳህን ከሆነ ጠጠር ደርድሩበት፣ አለዚያ ገብተው ይሰጥማሉ። መኖው የጫጩት መኖ ይሁን፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ማታ አንዷን አንሡና አንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት። ሞላ ብሎ ለስለስ ካለ በልታለች፣ ጠጥታለች። ደረቅ ሆኖ ከጠጠረ ውኃውን አላገኘችውም። ባዶ ከሆነ ምናልባት በርዷት መኖው ጋ መሄድ አቅቷታል። እግሯንም ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዘ ወለሉ ቀዝቅዟል ማለት ነው።

ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ወይም ሻካራ ሰጋቱራ ይሆናል። ደቃቁን ሰጋቱራ እንደ መኖ ይለቅሙታል። ጋዜጣ ብቻውን አታንጥፉ፤ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ተበልጥጦ ይቀራል። የረጠበውን በየቀኑ አንሡ። ኩሱ ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ። ኩስ ቂጣቸው ላይ ደርቆ ከደፈናቸው በለብ ያለ ውኃ በነከራችሁት ጥጥ አርሱት እንጂ አትንጩት።

ክትባት ሳይረሳ። ፈንግል አንዴ ከገባ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ጫጩቶቹን ስትገዙ ምን ምን እንደተከተቡ ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ቀሪውንም የወረዳችሁ ባለሙያ ይነግራችኋል።

ላባ ሲለብሱ መጀመሪያ ቀን ቀን፣ ቀጥሎ ሌሊት ሙቀቱን ታቋርጣላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ሐምሌ ላይ ከአዳማው ሰው ዘግይቶ ቢያቋርጥ ትክክል ነው። ገበያ ላይ የ45 ቀን ዶሮ የሚባለው እኮ ሌላ ሰው ይህን ሁሉ ሌሊት ተነሥቶ የጨረሰለት ነው፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት ተነሥቶ የሚያያቸው ሰው ከሌለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የ45 ቀኑን ዶሮ ግዙ።