ወሎን በውኃው ዳር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሎ ሲባል ብዙ ሰው ላሊበላን ብቻ ያስባል። በሐይቅና በወንዝ ዳር ስላለው ወሎ የሚወራው ደግሞ ግማሹ ልክ አይደለም።

«ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ነው፤ ያለ ጀልባ አይገባም።»
ድሮ ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በእግር ይገባል። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች፤ ገዳሙ ከዚያ ቅርብ ነው።

«እዚያ የሚታየው ውኃው ብቻ ነው።»
ይሄኛው ያናድደኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትልቅ የትምህርት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚያ ነው። የገዳሙ አለቆች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው የብራና መጽሐፍም የዚሁ ገዳም ቅርስ ነው። ይህን ሳያውቁ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ያስቆጫል።

«ሴት ከሆንሽ አትልፊ።»
ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ እሱ እውነት ነው። ሐይቁ ዳር ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

«ዓሣው ከጥንት ጀምሮ ነበር።»
አሁን በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የአያቶቻችን ምግብ አልነበረም ማለት ነው፤ ጣዕሙ ግን አያሳማም።

«የላሊበላው ዮርዳኖስ ሁልጊዜ የሚፈስ ወንዝ ነው።»
ከአለት የተፈለፈለ ቦይ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት ወገን ይከፍላል። በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ታገኙታላችሁ። «ውኃው የት ሄደ?» ብላችሁ አስጎብኚውን አታስጨንቁት። መሐሉ ላይ ከአለቱ የተጠረበውን መስቀል ግን ሳታዩ አትለፉ።

«የወሎ ወንዝ ሁሉ ዓባይ ይገባል።»
በሽሎ አዎ፣ ይገባል። ቦርከናና ሚሌ ግን ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ በጨፋ ሜዳ የሚያልፈው ውኃ ያው ቦርከና ነው። ከብቶቹንና ወፎቹን ለማየት መኪና ማቆም አይከፋም።

«ባቲን የፈለጉት ቀን መሄድ ይቻላል።»
ይቻላል፤ ገበያው ግን ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን ይዞ፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብቱን ይዘው የሚገናኙት ያን ዕለት ነው። ማክሰኞ የሄደ ጸጥ ያለ ከተማ አይቶ ይመለሳል።