ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ ያነሳው ኦሃዮ ስቴት፦ የሚባለውና እውነቱ

ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ቅዳሜ ማለት ፉትቦል ነው። የአሜሪካውን ማለቴ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሜዳው ላይ ሲጫወት በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ መንገድ ይዘጋጋል፤ ሰው ሁሉ ቀይና ግራጫ ይለብሳል። ታክሲ የሚነዱ ልጆቻችን ወይ ያን ቀን በደንብ ይሠራሉ፣ ወይ ትራፊኩን ረግመው በጊዜ ቤታቸው ይገባሉ። ከእኛ ሰው መሀል ጨዋታውን የሚከታተለው ጥቂት ነው። አስተያየት ግን ማንም አያጣም።

የቡድኑ የ2024 የውድድር ዓመት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለቡና ላይ ክርክር ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። 14 ጊዜ አሸነፈ፣ 2 ጊዜ ተሸነፈ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ ግን የራሱ ደጋፊ «አሰልጣኙ ይባረር!» ሲል ነበር። ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የኮሌጅ ልጆች ጨዋታ አይደል? ምን ያህል ቢሆን ነው!»

ኦሃዮ ስታዲየም ከ102,000 በላይ ሰው ይይዛል። ከኤንኤፍኤል፣ ማለትም ከዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ ስታዲየሞች፣ ይህን ያህል መቀመጫ ያለው አንድም የለም። በ1922 የተከፈተ ነው። ቅርጹ የፈረስ ጫማ ስለሚመስል ደጋፊው በአጭሩ «ዘ ሹ» ይለዋል። ኮሎምበስ ደግሞ የራሱ የኤንኤፍኤል ቡድን የለውም፤ ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ ናቸው ያላቸው። ስለዚህ የከተማው ቡድን ዩኒቨርሲቲው ነው። አዲስ አበባ ላይ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ኤሌክትሪክ እያልን ኳስ ያየን ሰዎች፣ መሥሪያ ቤት የኳስ ቡድን ሲኖረው ካልገረመን የዩኒቨርሲቲው ሊገርመን አይገባም።

«ፉትቦል ይሉታል እንጂ እግር የለበትም»

ይቺ ቀልድ አረጀች። እርግጥ ነው፣ ኳሱ በብዛት በእጅ ይያዛል። አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ መግፋት አለበት። ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ነው። መስመሩን አልፎ ከገባ ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። በእግር ተመትታ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ያለፈች ኳስ ደግሞ 3 ነጥብ ታስገኛለች። ፊልድ ጎል ይሏታል።

የዚህ ቡድን ዓመት ደግሞ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሚሺጋን 13 ለ 10 ሲሸነፍ መቺው ጄይደን ፊልዲንግ ሁለት ፊልድ ጎል ስቷል። የሚሺጋኑ መቺ ግን 45 ሰከንድ ሲቀር አገባ። አትላንታ ላይ ኖትር ዳም 31 ለ 23 ደርሶ ሲያስጨንቅ፣ ጨዋታውን የዘጋው ያው ፊልዲንግ ነው። 26 ሰከንድ ሲቀር ከ33 ያርድ መታና አስገባ። እግር የለበትም የሚል ሰው የፊልዲንግን ዲሴምበር ያስብለት።

«በሚሺጋን ሲሸነፉ ዓመቱ አልቆላቸው ነበር»

ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ለዚህም ነው ሰው የሚሳሳተው።

ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት ማለት ጊዮርጊስና ቡና ማለት ናቸው፤ እንዲያውም የእነዚህ ይብሳል። በዓመት አንዴ ነው የሚገናኙት፣ በኖቬምበር መጨረሻ። በ2024 ሚሺጋን 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር የመጣው። ማንም ግምት አልሰጠውም። ኖቬምበር 30 ኮሎምበስ ላይ አሸንፎ ሄደ፤ ለተከታታይ አራተኛ ጊዜ። ከጨዋታው በኋላ የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን ሜዳው መሀል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ። ፖሊስ በርበሬ ረጨ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ተቀጡ። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ያን ቀን ኮሎምበስ ውስጥ ወዳጅ የነበረው አይመስለኝም።

በድሮው ሥርዓት ቢሆን እውነትም አልቆ ነበር። እስከ 2013 የውድድር ዓመት ድረስ ለፍጻሜ የሚመረጡት ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከ2014 እስከ 2023 አራት ሆኑ። በነዚያ አሥር ዓመታት ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን አንድም ቀን ከአራቱ ውስጥ አልገባም። በ2024 ግን ጥሎ ማለፉ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድን ሆነ። ኦሃዮ ስቴት 8ኛ ሆኖ ገባ። ደጋፊው የሚያለቅሰው በአሮጌው ሒሳብ ነበር፤ ቡድኑ የሚጫወተው በአዲሱ ነው።

«ኦሪገን ነበር የሚገባው፤ አንዴም አልተሸነፈም»

የሊግ ኳስ የለመደ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛ የምናውቀው ሁሉም ከሁሉም ጋር ደርሶ መልስ ተጫውቶ ነጥብ የሚቆጠርበትን ነው። እዚህ ግን በ2024 በከፍተኛው ደረጃ 134 ቡድን ነበር፣ እያንዳንዱ በመደበኛው ዓመት የሚጫወተው 12 ጨዋታ ነው። ሁሉም ከሁሉም ሊገናኝ አይችልም። ስለዚህ ኖቬምበር ላይ ያለው ደረጃ ግምት ነው። በእውቀት የተሰጠ ግምት ይሁን እንጂ ግምት ነው።

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በኦክቶበር ኦሃዮ ስቴትን ያሸነፈው 32 ለ 31 ነው። አንድ ነጥብ። አጨራረሷም ጉድ ናት። 10 ሰከንድ ሲቀር ኦሪገን በ11 ሰው ፋንታ 12 ሰው ሜዳ ላይ አሰለፈ። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ ሆነ፤ የባከነው 4 ሰከንድ ግን አልተመለሰም። በቀረችው 6 ሰከንድ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ አከፋፋዩ፣ ዊል ሃዋርድ ሮጦ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰዓቱ አለቀ። ለመምታት እንኳ ጊዜ አልቀረም። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ይህን ቀዳዳ የሚደፍን መመሪያ ወጣ፦ የተበደለው ቡድን ሰዓቱ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለኦሃዮ ስቴት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጃንዋሪ 1 ሮዝ ቦል በሚባለው የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ ላይ እንደገና ተገናኙ። ኦሪገን 13 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ሳይሸነፍ፣ አንደኛ ሆኖ መጣ። ኦሃዮ ስቴት ከጨዋታው አራት ክፍሎች በሁለተኛው ላይ 34 ለ 0 ይመራ ነበር! መጨረሻው 41 ለ 21። የመጀመሪያ ዓመቱ ጄረማያ ስሚዝ ብቻውን 7 ኳስ ይዞ 187 ያርድ ሄደ፤ ሁለት ታችዳውንም አገባ።

ሌላም አለ። በዚያ ዓመት አራት ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ እንዲያልፉ ተፈቅዶላቸው ነበር፦ ኦሪገን፣ ጆርጂያ፣ ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት። አራቱም ሩብ ፍጻሜ ላይ ወደቁ። ኦሃዮ ስቴት በበኩሉ ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን፣ ቴክሳስን 28 ለ 14፣ ከዚያ ኖትር ዳምን አሸንፎ ነው የሄደው። ቀላል መንገድ አልተሰጠውም።

«በገንዘብ የተገዛ ቡድን ነው»

ሁለት ስህተት እዚህ ላይ ይጋጫሉ። አንዱ «ልጆቹ በነጻ ነው የሚጫወቱት» ይላል። ይሄ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ቀርቷል። ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ይችላሉ። የ2024ቱ ኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ድምር ገቢ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሱ ተናግሯል። ሌላው ደግሞ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ዋንጫውን ገዙት» ይላል።

ዝውውር ነበር፣ አይካድም። ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ተከላካዩ ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ፣ ሯጩ ኩዊንሾን ጀድኪንስ ከኦል ሚስ መጡ። የቡድኑ ምሰሶ ግን በ2021 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የገቡት ናቸው፦ ጃክ ሶየር፣ ጄቲ ቱይሞሎአው፣ ትሬቬዮን ሄንደርሰን፣ ኤሜካ ኢግቡካ። ከ2023 በኋላ ወደ ኤንኤፍኤል መሄድ ይችሉ ነበር። ቀሩ።

ሶየር የኮሎምበስ ጎረቤት ከሆነችው ፒከሪንግተን ነው። ከቴክሳስ ጋር በግማሽ ፍጻሜው 21 ለ 14 እየመሩ፣ ቴክሳስ አቻ ለመሆን ጥቂት ያርድ ቀርቶት ነበር። ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስን መታው፤ ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ሶየር አነሳውና 83 ያርድ ሮጦ አገባ። ኢወርስ ማን መሰላችሁ? በ2021 ኦሃዮ ስቴት ነበር፤ የሶየር የክፍል ጓደኛ፣ አንድ ቤት የኖሩ ልጆች። እንዲህ ያለውን በየትኛው ብር ትገዛዋለህ?

«ተጫዋቾቹ ሲፈልጉ ወደ ኤንኤፍኤል ይሄዳሉ»

አይሄዱም። ከሁለተኛ ደረጃ ከወጡ ሦስት ዓመት ካልሞላቸው ኤንኤፍኤል አይቀበልም። ስለዚህ ስሚዝ በመጀመሪያ ዓመቱ ሀገር ካስጨፈረ በኋላም ወደ ክፍል ተመለሰ። ከጓደኞቹ ግን የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በመረጡበት በኤፕሪል 2025 ምርጫ 14ቱ ተወስደዋል።

«ዋንጫው ሁሉን አስረሳ»

ይህን የሚለው ኦሃዮ ያልኖረ ሰው ነው። ዋንጫው ጣፋጭ ነው፣ ራያን ዴይንም የሚያባርረው ጠፋ። ግን ሶየርን ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ኖቬምበር 30 ላይ ያቺን ሰማያዊ ባንዲራ ከእንጨቷ ገንጥሎ የወረወራት እሱ ነው። ከእሱ ጋር በ2021 የገቡት ልጆች የሀገሪቱን ዋንጫ አንስተው፣ በኮንፌቲ ዝናብ ተነክረው ከአትላንታ ተመለሱ። አራት ዓመት ኮሎምበስ ሲጫወቱ ሚሺጋንን አንድም ጊዜ አላሸነፉም።