የጎዳና ሞተር ተወዳዳሪ ሕይወት፣ ከጣርማ በር ሲታይ

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ጉም ካለማ ተዉት። በእንግሊዝና በአየርላንድ መሀል ባሕር ላይ ማን የምትባል ደሴት አለች (ስሟ ነው፣ ጥያቄ አይደለም)። እዚያ የሚካሄደው የሞተርሳይክል ውድድር አንድ ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። ፒተር ሂክማን በ2023 ይህን ዙር በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨረሰው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ውድድሩ ቲቲ ይባላል፤ የተጀመረው በ1907 ነው። እንደ ሞቶ ጂፒ (ትልቁ የዓለም የሞተር ሻምፒዮና) ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሜዳ የለውም። የአገሬው ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት አስፋልት ለጥቂት ሰዓት ይዘጋላቸዋል፣ በቃ። በአንድ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በሌላው የሰው ቤት ግድግዳ። ኩርባው ከ200 በላይ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ስለሚለቀቁ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው።

ሙያው ሲያዩት የፍጥነት ይመስላል። ለእኔ ግን መንገድን በቃል የመያዝ ሙያ ነው። አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ ዋጠው። ሾፌራችን ቴፑን ዘጋ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና ጆሮውን ሰጠ። ሽቅብ የሚያቃስተውን አይሱዙ ገና ሳናየው ሰምቶ ጥጉን ያዘ። ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። የት ጋ እንደሚታጠፍ እጁ ያውቀዋል።

ጀማሪ ተወዳዳሪም መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። አጫጭር ሜዳዎች ላይ ነድቶ ፈቃድ ያወጣል። ብዙዎች ቀጥለው ማንክስ ግራንድ ፕሪ ወደሚባለው ውድድር ይገባሉ፤ መንገዱ ያው ነው፣ መለማመጃም ይሆናቸዋል። ቲቲ የገባ አዲስ ሰው ብርቱካናማ ሰደርያ ደርቦ ከነባር ሞተረኛ ኋላ ኋላ ይዞራል። ገንዘቡ እንደሚወራው አይደለም። አብዛኞቹ ሌላ የእለት ሥራ አላቸው።

ደሴቲቱ ላይ ተራራ የሚሉት ስኔፌል ጫፉ 621 ሜትር ነው። እኛ ቆላ እንለዋለን። ግን ጉሙ አንድ ነው። ጉም ከወረደ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር መነሳት ስለማይችል ውድድሩ አይጀመርም። እኛ ጋ ጉም መጣ ብሎ የሚቆም የለም። የእኛ ሞተር የሥራ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ ይዞርበታል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተር ያላት ሞተር ነዳጁ ይበዛባትና ጥቁር ጭስ እየተፋች ታለከልካለች።

መንገድን በቃል መያዝ ዓመታት ስለሚፈልግ የዚህ ሙያ እድሜ ረጅም ነው። ኳስ ተጫዋች በ35 ዓመቱ ጫማ ይሰቅላል። የሰሜን አየርላንዱ ጆይ ደንሎፕ ቲቲን መጀመሪያ ያሸነፈው በ1977 ነው። ባሊመኒ በምትባል ከተማ መጠጥ ቤት ነበረው። ሞተሩን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። ከ1982 እስከ 1986 አምስት ጊዜ በተከታታይ የፎርሙላ ዋን ቲቲ (የሞተሩ እንጂ የመኪናው አይደለም) የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ክፉኛ ወድቆ ተሰባበረ፤ አበቃለት ሲባል ተመልሶ አሸነፈ። በመሀል መኪናውን ምግብና ልብስ ጭኖ፣ ብቻውን እየነዳ፣ ሮማኒያ ላሉ ወላጅ አልባ ልጆች ያደርስ ነበር። በ2000፣ በ48 ዓመቱ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት የቲቲ ውድድር አሸንፎ ድሉን 26 አደረሰ።

በወሩ ኢስቶኒያ ሄደ። ታሊን ውስጥ በዝናብ እየመራ ሳለ ሞተሩ አመለጠውና ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የማን ደሴት መንገድ ብቻውን እስካሁን ከ250 በላይ ተወዳዳሪ በልቷል።

ወንድሙ ሮበርትም በ2008 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ልምምድ ላይ ሞተ። የሮበርት ልጅ ማይክል በሁለተኛው ቀን እዚያው መንገድ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ2024 ደግሞ የአጎቱን 26 አለፈ።